የነጭ መንገዶች ጸጥታ

በማዕከላዊ ኢጣሊያ፣ በሲየና ከተማ ዙሪያ በተዘረጉት ኮረብታዎች ላይ አስፋልት ያልደረሰባቸው ብዙ መንገዶች አሉ። የአገሩ ሰዎች «ስትራዴ ቢያንኬ» ይሏቸዋል፤ ነጭ መንገዶች ማለት ነው። ነጭ ያሰኛቸው የተነጠፈባቸው የኖራ ድንጋይ ጠጠር ነው። በበጋ ብስክሌት ሲያልፍባቸው አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ዝናብ ሲመታቸው ጭቃው ጎማ ጨምድዶ ይይዛል። መንገዱ በወይንና በወይራ ተክል መካከል ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፤ በረጃጅም የፈረንጅ ጥድ ታጅቦ አንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ይደርሳል፤ ከዚያም ይቀጥላል። ግማሽ ቀን ሲነዱ ውለው የሚያገኙት መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ብስክሌታቸውን በሣጥን አሽገው ከሩቅ አገር ወደዚያ የሚመጡ ሰዎች ከምንም በላይ የሚፈልጉት ያንን ጸጥታ ነው።

ጸጥታው የተፈጥሮ ስጦታ ይመስላል፤ ኮረብታው፣ ነፋሱና ወፉ ተባብረው የሰጡት። የመንገዶቹን ታሪክ የተከታተለ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። መንገዶቹን እንዲህ ያበዛቸው አንድ የመሬት ሥሪት ነው፤ ጸጥ ያሰኛቸው ደግሞ በዚያ ሥሪት ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ጥለው መሄዳቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለነዚያ ሰዎች ነው። (ከአጠገባቸው «ዓ.ም.» ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸጥታ ስንል

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚያመች አንድ ቃል አለው። ልጆች ሲንጫጩ «ጸጥ በሉ» እንላለን፤ ጫጫታ የሌለበትን ቦታ «ጸጥታ የሰፈነበት» እንለዋለን። በዚያው ቃል ደግሞ የጸጥታ ኃይል፣ የጸጥታ ቢሮ፣ ጸጥታ አስከባሪ እንላለን። አንደኛው ጸጥታ የድምፅ አለመኖር ነው፤ ሁለተኛው የሥጋት አለመኖር። ኢጣሊያንኛ ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ለመጀመሪያው «ሲሌንዚዮ»፣ ለሁለተኛው «ሲኩሬትሳ» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ጸጥ ያለ መንገድ» ሲባል ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱም ያውቃል። አገር ቤት «መንገዱ ጭር ብሏል» የሚል ሰው እያስጠነቀቀ ነው። መንገደኛ የሚተማመነው በገበያ ቀን መንገድ ነው፤ አህያ የሚነዳ፣ እህል የተሸከመ፣ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ሰው ባለበት።

ይህ ልዩነት ሲየና ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል። አምብሮጆ ሎሬንዜቲ የተባለው ሠዓሊ በ1338 እና በ1339 በከተማይቱ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ፣ ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ዘጠኙ ሹማምንት በሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ የመልካምና የክፉ አስተዳደርን ውጤት ሣለ። በመልካሙ አስተዳደር ሥዕል ላይ ከከተማው በር አንድ መንገድ ወደ ገጠር ይወርዳል። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ባላባቶች በፈረስ ለአደን ይወጣሉ፤ ገበሬዎች የተጫኑ እንስሳት እየነዱ ወደ ከተማ ይገባሉ፤ አንዱ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት ያለው ጥቁር አሳማ ያጣድፋል። ማዶ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይታረሳል። ከሁሉም በላይ አንዲት ባለክንፍ ሴት በአየር ላይ ተንሳፋ ትታያለች። ስሟ ሴኩሪታስ ነው፤ ጸጥታ፣ በሁለተኛው ትርጉሙ። በአንድ እጇ የያዘችው ጽሑፍ ሰው ሁሉ ያለ ፍርሃት እንዲጓዝና እንዲያርስ ይናገራል። በሌላው እጇ የያዘችው ሰው የተሰቀለበት መስቀያ ነው። ሠዓሊው የዚህ ጸጥታ ዋጋ ምን እንደሆነ አልሸሸገም።

በዚህ ሥዕል ላይ ዛሬ ብስክሌተኛው የሚያደንቀው ዓይነት ጸጥታ ፈጽሞ የለም። የ14ኛው መቶ ዘመን ሲየናዊ መልካም መንገድ ሣልልኝ ሲባል የሣለው የሚንጫጫ መንገድ ነው። ባዶ መንገድ የሚታየው በተቃራኒው ግድግዳ፣ በክፉው አስተዳደር በኩል ነው። እዚያ ሴኩሪታስ በነበረችበት ቦታ ፍርሃት ያንዣብባል።

እኩል አራሽ

ከሎሬንዜቲ ዘመን በፊት ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በቶስካና ገጠር የሰፈነው ሥሪት «ሜድዛድሪያ» ይባላል። ሥረ ቃሉ «ሜድዞ» ነው፤ ግማሽ ማለት ነው። ባለመሬቱ መሬቱንና ቤቱን ይሰጣል፤ የአራሹ ቤተሰብ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ምርቱ እኩል ይከፈላል። ለብዙ የውጭ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ረዥም የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ቃሉ ቤቱ ውስጥ አለ፦ እኩል አራሽ። ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ የሚሉትም ከዚያው ቤት ናቸው። በአንድ ወቅት የአንድን ሰው ዕድል በክፍልፋይ ቁጥር መጥራት ለሁለቱም ሕዝቦች የተለመደ ነገር ነበር።

ዝርዝሩም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቤተሰቡ አባወራ «ካፖቻ» ይባላል፤ ከባለመሬቱ ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነው። ባለመሬቱ ብዙ ጊዜ ፍሎረንስ ወይም ሲየና ስለሚኖር መሬቱን የሚቆጣጠርለት ሰው አለው፤ «ፋቶሬ» ይሉታል፤ በእኛ አገር የቀድሞ አነጋገር ምስለኔ ብንለው አንርቅም። ሒሳቡ በአንድ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ደብተሩን የሚጽፈው ግን የባለመሬቱ ወገን ነው፤ ዓመቱ ሲዘጋ አራሹ ባለዕዳ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነበር። ከእኩሌታው በላይ በበዓል ቀን የሚቀርብ ዶሮና እንቁላል ነበር፤ እጅ መንሻ እንበለው። ልጅ ለመዳርም የባለመሬቱን ፈቃድ መጠየቅ በብዙ ቦታ ግዴታ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ይህ ሥሪት ሰውን በመንደር አላሰባሰበም፤ በተነው። መሬቱ «ፖዴሬ» በሚባሉ እርሻዎች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ፖዴሬ ለአንድ ትልቅ ቤተሰብ የሚበቃ ስንዴ፣ ወይን፣ ወይራና የከብት ግጦሽ ነበረው። የአራሹም ቤት የተሠራው በዚያው በእርሻው መካከል ነው፤ ባለመሬቱ አራሹ ከሥራው እንዲርቅ አይፈልግም። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ የባለመሬቱ ድርሻ ወደሚገባበት ጎተራ የሚወስድ መንገድ ያስፈልገዋል። ዛሬ በካርታ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው የነጭ መንገድ መረብ ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ክር ጫፍ አንድ ቤት፣ በእያንዳንዱ ቤት አሥርም አሥራ አምስትም ሰው ይኖር ነበር። ዝናብ መንገዱን እንዳይበላው ቦይ መቆፈርና መጥረግም በብዙ ውሎች ውስጥ የአራሹ ግዴታ ነበር። ብስክሌተኛው ዛሬ የሚነዳበት ጠጠር የእኩሌታው ምርት በሬ በሚስበው ጋሪ ወደ ጌታው ጎተራ የተጓዘበት ነው።

ፒስታ

ግንቦት 5 ቀን 1936 የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወር ሳይሞላ፣ ለፍሎረንስ ቅርብ ከሆነች ከፖንቴ አ ኤማ የወጣ ጂኖ ባርታሊ የተባለ ወጣት የመጀመሪያውን የጂሮ ዲታሊያ ድል ለመቀዳጀት ጫፍ ደርሶ ነበር፤ በሰኔ መጀመሪያ አሸነፈም። ባርታሊ ያደገበት የቶስካና ገጠር መንገድ በአብዛኛው አቧራና ጠጠር ነበር። በዚያው ዓመት ፋሺስቱ መንግሥት በኢትዮጵያ ሰፊ የመንገድ ሥራ ጀመረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሠራተኞች በመርከብ ተጫኑ። ጣርማ በር ላይ ተራራው ተበሳ፤ ሊማሊሞ ላይ ገደሉ ተፈልፍሎ መንገድ ተጠመጠመበት። ከተላኩት ሠራተኞች ውስጥ ብዙዎቹ በራሳቸው መንደር የተነጠፈ መንገድ፣ የቧንቧ ውኃና መብራት ያላዩ ድኾች ነበሩ።

«ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚለው ክርክር በየዳያስፖራው የቡና ሰዓት የሚነሣ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ስለ መንገዶቹ የመጀመሪያ ሥራ ግን ክርክር የለም። ወታደርና ጥይት የጫነ ካሚዮን አርበኛው ወዳለበት ቶሎ እንዲደርስ ነው የተሠሩት። ለጸጥታ፣ በሁለተኛው ትርጉሙ፤ መስቀያ በያዘችው እጅ በኩል።

የቀረልን ሌላው ነገር ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቴና፣ ራሱ ብስክሌት የሚለው ስም ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ለዚህ ታሪክ የሚስበኝ «ፒስታ» ነው። በአማርኛ ፒስታ ማለት አስፋልት ያልለበሰ የጠጠር መንገድ ነው። አንድ ኢጣሊያዊ ግን በሲየና ዙሪያ ያለውን የጠጠር መንገድ ፒስታ አይለውም፤ «ነጭ መንገድ» ነው የሚለው፤ መንገድነቱን አይነፍገውም። ፒስታ በኢጣሊያንኛ ዱካ፣ የመሮጫ ሜዳ፣ ወይም ባልለማ ምድር ላይ የተጠረገ መስመር ነው። የቅኝ ግዛት ሹማምንት በአፍሪካ ያለውን ያልተነጠፈ መንገድ የጠሩት በዚህ ቃል ነው። እቤቱ «ስትራዳ» የሚባለው ጠጠር ባሕር ሲሻገር «ፒስታ» ሆነ። እኛም ቃሉን ወርሰን፣ ንቀቱን ረስተን፣ ዛሬ ድረስ እንጠራበታለን።

ሰኔ 1944

ከሲየና ደቡብ ምሥራቅ ያለው ሸለቆ ቫል ዶርቻ ይባላል። እዚያ አይሪስ ኦሪጎ የተባለች እንግሊዛዊ-አሜሪካዊ ጸሐፊ ከባሏ ከአንቶኒዮ ጋር በ1920ዎቹ ላ ፎቼ የሚባል ሰፊ ርስት ገዝተው ነበር። ባለመሬት ናቸው፤ መሬቱንም በእኩል አራሾች ያሳርሱ ነበር። ዛሬ በቶስካና ፖስት ካርድ ላይ እንደ ጥንታዊ ነገር የሚታየውን፣ ኮረብታውን እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ባለ ጥድ መንገድ ያሠሩት እነርሱ ናቸው። ዕድሜው አንድ መቶ ዓመት አይሞላም።

ኦሪጎ በ1943 እና በ1944 የጻፈችው የጦርነት ማስታወሻ በ1947 በመጽሐፍ ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ መንገዶቹ ጸጥ ብለው አያውቁም። ከእስር ያመለጡ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ ከፋሺስቱ ሠራዊት የከዱ ወጣቶች፣ ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው የከተማ ሰዎች በሌሊት በር ያንኳኳሉ። የሚያበላቸውና የሚደብቃቸው ብዙ ጊዜ እኩል አራሹ ነው፤ ሲያዝ የሚረሸነውም እርሱ። ቤተሰቡ በከተማ ወገኑን አያውቅም፤ ሰው ግን ደጃፉ ላይ ቆሟል።

በሰኔ 1944 የጀርመን ጦር እያፈገፈገ፣ የእንግሊዝ መድፍ እየቀረበ ሳለ፣ ላ ፎቼ መኖር የማይቻልበት ቀን መጣ። ኦሪጎና ባሏ ስድሳ ያህል ሰዎች ይዘው በእግር ወደ ሞንቴፑልቻኖ ተነሡ። ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ነበሩ፤ ከጄኖቫና ከቱሪን ሸሽተው የተጠጉ ልጆችም አሉበት። መንገዱ ፈንጂ ተቀብሮበታል፤ መድፍም ይመታዋል። በመንገዱ መካከል እየሄዱ፣ ተራርቀው፣ ደረሱ።

ብስክሌተኞች በዚያ አካባቢ በበጋ ይነዳሉ። እኔም ነድቻለሁ። ከመጽሐፉ በቀር ያን ቀን የሚያስታውስ ነገር በመንገዱ ላይ አይታይም። ጭርታው ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚሰማው ነገር ግን አንባቢውና ያላነበበው እኩል አይደለም።

ስለ ባርታሊም በዚህ ዘመን የሚነገር ታሪክ አለ። በጀርመን ወረራ ወራት ልምምድ የሚሠራ መስሎ፣ ለተሳደዱ አይሁድ የተዘጋጁ ሐሰተኛ ሰነዶችን በብስክሌቱ ቱቦ ደብቆ በፍሎረንስና በአሲሲ መካከል አመላልሷል ይባላል። በ2013 እስራኤል ከ«ጻድቃን አሕዛብ» ተርታ አስገብታዋለች። ስለ ዝርዝሩ የሚከራከሩ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ክርክሩም ቀጥሏል። ባርታሊ ራሱ ስለዚያ ጊዜ ማውራት አይወድም ነበር።

ሄዱ

ጦርነቱ ሲያበቃ አራሾቹ እኩሌታው ይሻሻል ብለው ተነሡ። በ1946 እና በ1947 በጠቅላይ ሚኒስትሩ በአልቺዴ ዴ ጋስፔሪ ዳኝነት የአራሹ ድርሻ ከ50 ወደ 53 ከመቶ ከፍ አለ። ለሦስት ከመቶ የተደረገው ትግል መራራ ነበር። በ1950ዎቹ ግን ልጆቻቸው ክርክሩን በሌላ መንገድ ቋጩት፤ ሄዱ። ፖጂቦንሲ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነበራት፤ ኮሌ ዲ ቫል ዴልሳ መስታወት ትሠራ ነበር፤ ፕራቶ ጨርቅ ትሸምን ነበር። ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፣ ውኃ በቧንቧ ይመጣል፣ ልጅ ለመዳርም ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ገጠር ለቀረ ወንድ ሚስት ማግኘት ራሱ አስቸጋሪ ሆነ፤ ሴቶቹ የአራሽ ቤት ምራት መሆን አንፈልግም አሉ።

በመስከረም 1964 አዲስ የእኩሌታ ውል እንዳይፈረም የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ የነባሮቹ አራሾች ድርሻም 58 ከመቶ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አንባቢ ያችን ዓመት ያውቃታል። በዚያችው ዓመት በየካቲት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ሁለቱ ነገሮች የሚያገናኛቸው ክር የለም፤ አንዱ ሌላውን አልሰማም። ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያሳዩት ነገር አለ። በኢትዮጵያ ጥያቄው ዐሥር ዓመት ቆይቶ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ዓዋጅ ሆነ፤ አራሹ በመሬቱ ላይ እንዳለ ሥሪቱ ከላይ ተነሣለት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ታሪክ ነው። በቶስካና ሕጉ የደረሰው አራሹ ከሄደ በኋላ ነው። በ1982 የወጣው ሕግ የቀሩትን ውሎች ወደ ኪራይ እንዲለወጡ ሲያደርግ ገጠሩ አብዛኛውን ሰው አጥቶ ነበር።

መንገዶቹ ነጭ ሆነው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። አስፋልት ሰው ወዳለበት ይሄዳል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኢጣሊያ ስትበለጽግ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ተነጠፉ፤ ወደ ባዶ ቤት የሚወስዱት ግን ለማን ይነጠፋሉ? ማንም ለውበታቸው ብሎ አልጠበቃቸውም። የሚጠይቅላቸው ሰው ስለጠፋ ቀሩ።

ባዶው ባዶ ሆኖ አልቆየም። ከሰርዴኛ ደሴት እረኞች መንጎቻቸውን በመርከብ ጭነው መጡ፤ አራሹ የተወውን የሸክላ አፈር ኮረብታ ግጦሽ አደረጉት። ዛሬ በሲየና ስም ከሚሸጠው የበግ አይብ ብዙው የእነርሱ እጅ ያለበት ነው። መጀመሪያ ሲመጡ ግን ነዋሪው በጥርጣሬ ነበር ያያቸው፤ አነጋገራቸው ሌላ፣ ልማዳቸው ሌላ። ስደተኛ በወጣበት ስደተኛ ይገባል። ቀጥሎ እንግሊዞችና ጀርመኖች የፈረሱትን ቤቶች እየገዙ ማደስ ጀመሩ። በ1985 በእርሻ ቤት እንግዳ ማሳደርን የሚፈቅድና የሚደግፍ አገር አቀፍ ሕግ ወጣ። በሬዎቹ ያድሩበት የነበረው ምድር ቤት የእንግዳ መኝታ ሆነ።

ጀግናዋ

በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ የአገሩ ተወላጅ በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ አንድ የብስክሌት ጉዞ አዘጋጀ። ስሙን «ሌሮይካ» አለው፤ ጀግናዋ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን 92 ሰዎች ተገኙ። ደንቡ ከ1987 በፊት በተሠራ ብስክሌት መንዳት ነው፤ ልብሱም የሱፍ፣ የቀድሞው ዓይነት። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ የቀሩት ነጭ መንገዶች አስፋልት እንዳይለብሱ ሰው እንዲወዳቸው ማድረግ። ተሳካለት። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ 209 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ምልክት የተተከለበት ቋሚ መስመርም አለ። በ2004 ቫል ዶርቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በ2007 ባለሙያ ብስክሌተኞች በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚወዳደሩበት ውድድር ተጀመረ፤ ስሙ አሁን «ስትራዴ ቢያንኬ» ነው፤ ሲየና አደባባይ ላይ ያበቃል። ከ2015 ጀምሮ የሴቶችም አለ።

በዚህ ላይ ማሾፍ ቀላል ነው። አያቱ ከዚህ አቧራ ያመለጠ ሰው የልጅ ልጁ በዚያው አቧራ ላይ ለመንከባለል ከፍሎ ይመጣል። በመንገዱ ዳር ለብስክሌተኞች የሚቀርበው «ሪቦሊታ» ከተረፈ ደረቅ ዳቦና ከጎመን የሚሠራ የአራሽ ቤት ምግብ ነው፤ ዳቦ መጣል ነውር ከሆነበት ቤት የወጣ። ያ አራሽ ተነሥቶ ቢጠየቅ አስፋልቱን ይመርጥ እንደነበር አልጠራጠርም። ሐኪም ቤት በጊዜ የሚደርስበትን መንገድ የማይፈልግ ማን አለ?

ሆኖም ብሮቺና ጓደኞቹ ባይኖሩ መንገዶቹ ይነጠፉ ነበር፣ ወይም በእሾህ ተውጠው ይጠፉ ነበር፤ አብሮም የሰዎቹ መታሰቢያ። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ጸጥታውን እንውደደው ወይስ አንውደደው አይደለም። እኔ እወደዋለሁ። ጥያቄው ምን እንደምናደርገው ነው። ጸጥታውን የተፈጥሮ ስጦታ ካደረግነው አራሾቹ ሁለተኛ ይባረራሉ፤ መጀመሪያ በዕዳ ደብተሩ፣ አሁን በፖስት ካርዱ።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ የምጽፈው ምክንያት አለኝ። አብዛኞቻችን በውጭ የምንኖር ሰዎች የሆነ ቦታ የሆነ መንገድ ጭር ያሰኘን ነን። አዲስ አበባ ዳር በተላከ ገንዘብ ተሠርቶ ዘበኛ ብቻ የሚኖርበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን። አገር ቤት ደግሞ ዛሬ ጭርታ ሌላ መልክ አለው። በጦርነትና በእገታ ምክንያት አውቶቡስ የቀረባቸው፣ ገበያተኛ የሚሸሻቸው መንገዶች አሉ፤ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ሰው የሚያመነታባቸው። እነዚህ መንገዶች ጸጥ ብለዋል፤ ጸጥታ ግን የላቸውም። የሎሬንዜቲን ሥዕል ያየ አማርኛ ተናጋሪ ከየትኛው ግድግዳ ፊት እንደቆመ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ለቶስካና ባዶ መንገድ የሰጠነውን ቅኔያዊ ስሜት ለራሳችን ባዶ መንገድ መስጠት አይሆንልንም፤ ምክንያቱም የጎደለውን ሰው በስሙ እናውቀዋለን። የኪያንቲንም መንገድ እንዲሁ ማየት ይቻላል ነው የምለው። እዚያም የጎደለው ሰው ስም ነበረው።

ስሙን መፈለግ አስቸጋሪ አይደለም። ፍሎረንስ የሚገኘው የጦር ካርታ ተቋም ባሳተማቸው ባለ 1፡25,000 ካርታዎች ላይ የፖዴሬዎቹ ስም አንድ በአንድ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ቤቶች ዛሬ ጣሪያ የላቸውም፣ ስማቸው ግን ካርታው ላይ አለ። ወደዚያ የሚሄድ ብስክሌተኛ ካለ፣ ከነዚህ ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ ይውረድ። ከቤቱ ፊት ለፊት ጡብ ወይም ድንጋይ የተነጠፈበት ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ጣሊያኖች «አያ» ይሉታል፤ እኛ አውድማ እንለዋለን። ስንዴው የሚወቃው፣ እኩሌታው የሚሰፈረው፣ ምስለኔው ደብተሩን ይዞ የሚቆመው፣ በመኸር ማታ የሚጨፈረው እዚያ ላይ ነበር። ከአውድማው ጥግ ብዙ ጊዜ የዳቦ ምድጃ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ በለስ። ከዚያ ወርዶ መንገዱ ዳር ያለውን ቦይ ይመልከት። ውኃ የሚወርድበት ከሆነ በዚህ ዓመትም አንድ ሰው ጠርጎታል ማለት ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ደመወዝተኛ ይሆናል፣ ወይም ወይን ለመልቀም ከሩቅ አገር መጥቶ በክረምት ሌላ ሥራ የያዘ ሰው። ሳይጠረግ የቀረ ቦይ ሁለት ክረምት አይቆይም፤ መንገዱም አብሮት ይሄዳል።